አምፕ ሳይሰሙ መግዛት ይቻላል ወይ?

እንዴት ሰነበታችሁ ያገሬ ልጆች! ከጎንደር ነው፤ መብራት ሳይሄድ ቶሎ እንቅዳው።

ጥያቄያችሁ በዝቷል፦ ውድ ፓወር አምፕ (ድምፁን አጉልቶ ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሰው ማጉያ) ድምፁን ሳይሰሙ መግዛት ይቻላል ወይ? እዚህ ከተማ ሦስት አምፕ ደርድሮ «ቁጭ በልና አወዳድር» የሚል ሱቅ እኔ አላየሁም። ያለን ምርጫ ውጭ ላለ ዘመድ ሞዴሉን ልኮ «በሻንጣ ያዝልኝ» ማለት ነው። ሃያ ምናምን ኪሎ ብረት በሻንጣ! ዘመዶቻችን ይቅር ይበሉን።

መልሴ፦ ይቻላል። ስፒከር ሳልሰማ አልገዛም፤ በጭራሽ። አምፕ ግን ቁጥሩን አንብቤ እገዛለሁ።

የትኛውን ቁጥር? ሊማሊሞን ታውቁታላችሁ። ሁለት አይሱዙ አስቡልኝ። አዘዞ ሜዳ ላይ እኩል ይሮጣሉ። እሺ፣ ሜዳ ላይ እኩል ናቸው። አሁን ሙሉ ጭነት ጫኑባቸውና ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ውጡ በሏቸው። አንደኛው ማርሽ ይቀንሳል፣ ያጓራል፣ ጥምዙን አንድ በአንድ እየበላ ይወጣል። ሁለተኛውስ? ገና ከጅምሩ ያቃስታል፣ ይጨሳል፤ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል። ያንን ረዳት የማያውቅ አለ? አንድ እጁ ድንጋይ ላይ፣ አንድ እጁ ጫት ላይ! በሉ ልመለስ።

ኦም ማለት ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው መቋቋም ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አምፑ ላይ ጭነት ይበዛል። ሜዳው 8 ኦም ነው። ዳገቱ 4 ኦም ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሜዳው ዋት ነው። ስፒከራችሁ ግን «8 ኦም» ተብሎም ቤዝ ሲመጣ ወደ 4፣ ወደ 3 ሊወርድ ይችላል። በ8 ኦም 100 ዋት፣ በ4 ኦም ወደ 200 የሚጠጋ አምፕ ዳገት ይወጣል። የ4 ኦሙን ጭራሽ ያልጻፈውን እኔ አልነካውም።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ። «ፒኤምፒኦ» (ለቅጽበት ብቻ የሚባል የተጋነነ ዋት) የሚል ካያችሁ ገጹን ዝጉ። ዋቱ ሁለቱም ቻናል (ግራና ቀኝ) አብረው ሲሠሩ፣ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (ጆሮ ከሚሰማው ወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ) የተለካ ይሁን። ዲስቶርሽን (አምፑ ድምፁን የሚያዛባው መጠን) ከ0.1 በመቶ በታች፣ ሲግናል ቱ ኖይዝ (ሙዚቃው ከአምፑ ሹክሹክታ የሚበልጥበት) ከ100 ዲሲቤል በላይ፤ ዲሲቤል የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው። ዳምፒንግ ፋክተር (አምፑ የስፒከሩን እንቅስቃሴ የሚቆጣጠርበት አቅም) 50 ካለፈ አትጨነቁለት። ከፋብሪካው ወረቀት ይልቅ ገለልተኛ ሰው የለካውን እመኑ። አለቀ።

ቆይ፣ አላለቀም! አንድ ወንድማችን «100 ዋት አለኝ፤ 200 ብገዛ ድምፁ እጥፍ ይሆናል አይደል?» ብሎ ጽፏል፤ ላይኩም ብዙ ነው። አይሆንም ወንድሜ! ዋት እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዲሲቤል ነው። ትንሽ ከፍ አለ ትላለህ እንጂ አትደነግጥም። ለጆሮ እጥፍ እንዲመስል 10 ዲሲቤል ያህል ያስፈልጋል፤ ይህ ማለት ዋቱን አሥር እጥፍ ማድረግ፣ 1,000 ዋት! አከራይህ በማግስቱ ቤቱን ልቀቅ ይሉሃል። ይልቅ በአንድ ዋት፣ አንድ ሜትር ላይ 87 ዲሲቤል የሚሰጠውን ስፒከር 90 በሚሰጥ ብትቀይር ያንኑ 3 ዲሲቤል ያለ አዲስ አምፕ ታገኛለህ።

«ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ጆሮዬ ግን አምፕ ከአምፕ ይለያል» የምትሉም አላችሁ። ቦብ ካርቨር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1985 ስቴሪዮፋይል የተባለውን መጽሔት ተወራረደ፦ ርካሽ አምፑን ውድ ከሆነ የቲዩብ አምፕ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ) ጋር አመሳስለዋለሁ ብሎ። የሁለቱን ልዩነት በመሣሪያ እየለካ የራሱን አምፕ አስተካከለው፤ ገምጋሚዎቹም መለየት አቃታቸው። ስለዚህ የሚለካ ነገር ነው። ተናደዳችሁ? ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ተናደዱ።

ክላስ ኤ (ሁልጊዜ ብዙ ኃይል የሚስብ የአምፕ ዓይነት) ለምትወዱ፦ ሙዚቃ ባይኖርም ይግላል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሙቀቱን ቶሎ አይወስድለትም። ዙሪያውን ክፍት ተዉለት፤ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳትከቱት።

ብር ከመላካችሁ በፊት ደግሞ የአምፑን ጀርባ ፎቶ አስልኩ። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፤ የኛ ሶኬት 220። «220–240» ወይም «100–240» የሚል ከሌለበት ዘመዳችሁ እዚያው ይተወው። የስፒከራችሁን ሞዴል ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ፤ ስንት ኦም ድረስ እንደሚወርድ አብረን እናያለን።