«እኛ እኮ ቤተሰብ ነን»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነው የማወራችሁ።

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ካዛንቺስ አካባቢ አንዲት ትንሽ ድርጅት ውስጥ ሥራ ከጀመረች ሁለት ወር ሊሆናት ነው። «ውል ስጡኝ ስላቸው ‹እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?› አሉኝ» አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። ይህችን ቃል አውቃታለሁ።

እኔም እንዲህ ያለ ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ። ዘጠኝ ነበርን። ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምንላቸው። ምሳ አንድ ትሪ ከበን እንበላለን። እናቴ የታመመች ጊዜ ሳልጠይቃቸው ሦስት ቀን ዕረፍት ሰጥተውኛል። ይህንንም ልናገር፣ እውነት ነውና።

ግን ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ከመውጣታችን በፊት ለጸሐፊዋ እንደውል ነበር። «ዛሬ እንዴት ናቸው?» እንላታለን። «ደመና ነው» ካለች ሁሉም ነገር ለነገ ያድራል። ዕረፍት መጠየቅ፣ የዘገየ ደሞዝ ማስታወስ፣ ስህተት መናገር። አንድ ቀን ለደንበኛ በሚላክ የዋጋ ማቅረቢያ ላይ አንድ ዜሮ ጎድሎ አየሁ። የዚያን ቀን ደመና ነበር። ዝም አልኩ። ወረቀቱ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ያዘጋጀችው ልጅ በሁላችን ፊት ተሰደበች። እኔ ኮምፒውተሬ ላይ አቀርቅሬ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ አንድ ቤት መታመሙን የማውቀው በዚህ ነው። ሰው ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ አንድ ሰው ፊት እያሰበ ሲውል። አለቃ መቆጣቱ አይደለም ችግሩ፤ የማይቆጣ የለም። ቁጣውን ፈርተን እውነቱን መደበቅ ስንለምድ ነው።

ትልቅ መሥሪያ ቤት ቢሆን ሌላ ክፍል ትዛወራለህ፣ የሰው ኃይል የሚባል ቢሮ አለ። ትንሽ ቤት ውስጥ ግን አቤት የምትለው ለዚያው ላስከፋህ ሰው ነው። በአንድ ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 10 ሠራተኛ ያስፈልጋል። እኛ ዘጠኝ ነን።

የለቀቀ ሰው ደግሞ ስሙ አይነሳም ነበር። «ውለታ ቢስ» ይባላል፣ በቃ።

እኔን ያስወጣኝ የጡረታው ነገር ነው። በየወሩ ከደሞዜ 7 በመቶ ይቆረጣል። አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ማድረግ አለበት። ሳጣራ የአምስት ወር አልገባም። ገብቼ በትሕትና ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «አንተ እኔን ትጠረጥረኛለህ?» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ! የራሴን ገንዘብ ጠይቄ፣ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የገባኝ። እዚያ ቤት መብት የጠየቀ ሰው ፍቅር እንደጎደለው ይቆጠራል። ለዚህ መልስ የለህም። ስለ ሒሳብ ልታወራ ገብተህ ስለ ልብህ ስትከራከር ትወጣለህ።

በወሩ ለቀቅኩ።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኳት ይህንኑ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ ከፍቼ አነበብኩላት። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ የሚሰጣት ወረቀት አለ። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። «ረጋ ብለሽ፣ በሰላም ጠይቂ። ከወረቀቱ ይልቅ የሚመልሱልሽን መልስ ልብ በይ» አልኳት። ጥሩ ትንሽ ድርጅቶች ሞልተዋል። እንዲህ ስትጠይቃቸው «ውይ፣ ረስተነው ነው» ብለው በማግስቱ ፈርመው ይሰጡሃል።

ማክሰኞ ጠየቀቻቸው። ማታ መልእክት ላከችልኝ። «‹ለምን ፈለግሽው? ልትለቂ ነው እንዴ?› አሉኝ» ይላል።

ቅዳሜ አራት ኪሎ ቡና እንጠጣለን ተባብለናል። ሲቪዋን ይዛ እንድትመጣ ነግሬያታለሁ።