የጀበናው አንገት

ሰላም፣ እንዴት አመሻችሁ? ዛሬም ከአዳማ ነኝ። ሙቀቱ አላስተኛኝ ሲል ነው ማይክ የከፈትኩት። የባጃጅ ድምፅ ከገባ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት ግቢያችን ውስጥ የሽንት ቤት ጉድጓድ አስቆፈርን። ቆፋሪው ደረቱ ድረስ ሲገባ ጎንበስ ብዬ ግድግዳውን አየሁት። ከላይ ፌስታልና ቆርኪ። ዝቅ ሲል ከሰል፣ እዚያው የተሰበረ የጀበና አንገት። እናቴ አንገቷን አስግጋ «ይሄማ የእማማ ማድ ቤት የነበረበት ነው!» አለች። ከዚያ በታች የሰው ነገር የሚባል የለም። በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ አመድ ብቻ።

የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የሚቆፈርበት መልካ ቁንጡሬ ትዝ አለኝ።

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አዋሽ ዳር። ያው ወንጂን የሚያጠጣው የኛው አዋሽ። እ.ኤ.አ. በ1963 ጄራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ አገኘው፤ ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ብዙ ዓመት ቆፈረው። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ደግሞ አቅራቢያው ካለው ባልጪት ከሚባል ቦታ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

የታችኛው ንጣፍ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር መሣሪያው ይለወጣል፣ ሠሪዎቹም ይለወጣሉ። በየመሃሉ አመድ አለ። ተራራው ሲፈነዳ ሁሉን ይሸፍናል፣ ቆይቶ ሌሎች መጥተው በላዩ ይኖራሉ። ለተመራማሪዎቹ ግን አመዱ ሲሳይ ነው። በውስጡ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ ቀስ እያለ አርገን ወደሚባል ጋዝ ስለሚለወጥ፣ እሱን ለክተው ዕድሜውን ያወጣሉ።

ሲምቢሮ በሚባለው በኩል 1.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ንጣፍ ላይ 578 መሣሪያ ወጥቷል። ከሦስቱ በቀር ሁሉም ባልጩት! ባልጩት እኮ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው። ያለ ቦታው ከመቱት እንክትክት ይላል፣ እጅም ይቆርጣል።

እንግዲህ ኑዛዜ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ለጉብኝት ሄደን፣ ከመሬት አንዲት ስንጣሪ ባልጩት አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። ይኸው አሁን እጄ ላይ ናት። አምፖል ፊት ስይዛት ጠርዟ እንደ ጭስ ያሳልፋል። የማን ናት? የሚሊዮን ዓመት ልትሆን ትችላለች። የመቶ ዓመትም ልትሆን ትችላለች፤ ጋሞና ኮንሶ ውስጥ በድንጋይ ቆዳ የሚፍቁ ሰዎች እስከ እኛ ዘመን ድረስ ነበሩ። የኮንሶዎቹ ደግሞ ሴቶች ናቸው። ከየት ንጣፍ እንደመጣች የሚያውቀው መሬቱ ነበር፣ እኔ አቋረጥኩት። (ዝናብ አጥቧት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ አይሆንም።)

ባለሙያዎቹ ሲባጎ ወጥረው፣ በብሩሽ ጠርገው፣ እያንዳንዷን ድንጋይ ሳያነሱ በፊት ቦታዋን የሚመዘግቡት ለዚህ ነው። የተቆፈረ ንጣፍ ሁለተኛ አይነበብም። አንዳንዱን ሳይነኩ የሚተዉትም ለዚሁ ነው፤ ነገ የተሻለ መሣሪያ ያለው ሰው ይመጣል።

ብሎኬቱ ከመደርደሩ በፊት ቆፋሪውን አስቁሜ ግድግዳውን በስልኬ አነሳሁት። «ሽንት ቤት እኮ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ። ማታ ፎቶውን ሳሰፋው የጀበናው አንገት የለም። እናቴ ቀድማኝ ነቅላ፣ አጥባ፣ ቡፌ ላይ አስቀምጣዋለች።