ቁልፍ ሰርቨር ቁልፉን ያገኝልናል፣ ባለቤቱን ግን አያረጋግጥልንም

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን ዋላችሁ!

ለአንድ ሰው በፒጂፒ (ኢሜይልን ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው በሚያደርገው ዘዴ) የተመሰጠረ ኢሜይል መላክ ፈለጋችሁ እንበል። መጀመሪያ የሰውየው ይፋዊ ቁልፍ፣ ማለትም እሱ ብቻ እንዲያነበው መልእክቱን የምትቆልፉበት፣ ያስፈልጋችኋል። ብዙ ሰው ምን ያደርጋል? የሰዎች ይፋዊ ቁልፎች የሚቀመጡበትን ቁልፍ ሰርቨር ይከፍታል፣ አድራሻውን ይጽፋል፣ የወጣለትን ያወርዳል። አለቀ። እኔ ዛሬ የመጣሁት በዚህ «አለቀ» ላይ ልከራከራችሁ ነው።

የድሮዎቹ ሰርቨሮች፣ ኤስኬኤስ በሚባለው ሶፍትዌር የሚሠሩት፣ የመጣላቸውን ቁልፍ ሁሉ ይቀበሉ ነበር። «አድራሻው በእርግጥ ያንተ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ከእናንተ አንዱ በእኔ ስም ቁልፍ ሠርቶ ቢጭን ከልካይ የለውም። በ2016 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው) በሊኑክስ ፈጣሪ በሊነስ ቶርቫልድስ ስም የተሠራ ሐሰተኛ ቁልፍ እነዚሁ ሰርቨሮች ላይ ተገኝቷል። አጭር መለያው፣ ማለትም የቁልፉ አሻራ (እያንዳንዱን ቁልፍ የሚለየው ረጅም ኮድ) የመጨረሻዎቹ 8 ፊደልና ቁጥሮች፣ ከእውነተኛው ጋር ቁርጥ አንድ ነበሩ። እንዲህ ያለ መንትያ መለያ በግራፊክስ ካርድ በ4 ሰከንድ ሊሠራ እንደሚችል ሁለት ተመራማሪዎች አስቀድመው አሳይተው ነበር።

ሌላም ችግር ነበር። ሰርቨሮቹ ያላቸውን እርስ በርስ ይለዋወጡ ነበር። መጨመር ይቻል ነበር፣ መሰረዝ ግን አልነበረም። ሞኝነት አይምሰላችሁ። አንድ መንግሥት አንዱን ሰርቨር አስገድዶ ቁልፍ ቢያስጠፋ ከሌሎቹ ይመለሳል ተብሎ ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን በሰው ቁልፍ ላይ ማንም ፊርማውን፣ ማለትም «ይህ ቁልፍ የእገሌ ነው» የሚል ምስክርነቱን፣ መጨመር ይችል ነበር። በሰኔ 2019 ያልታወቁ ሰዎች ይህን ተጠቀሙበት። ለፒጂፒ ብዙ በለፉት በሮበርት ሃንሰንና በዳንኤል ካን ጊልሞር ቁልፎች ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የማይረቡ ፊርማዎች ጫኑባቸው። ቁልፎቹን ያወረደ ሰው ጂኤንዩፒጂው (ፒጂፒን የሚያሠራው ፕሮግራም) ቀጥ አለበት። ማጽዳትም አልተቻለም፤ መሰረዝ የለማ!

ፊርማ ሌላም ነገር ይናገራል፤ ማን ማንን እንደሚያውቅና መቼ እንደፈረመለት። እኛ አገር በ2014 የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ሲከሰሱ፣ ስለ ዲጂታል ደኅንነት መሠልጠናቸው ራሱ ክሱ ውስጥ ገብቶ ነበር። እንዲህ ባለበት አገር የማይጠፋ የወዳጆች ዝርዝር አደባባይ ላይ መስቀል፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሐሰተኛ ቁልፍ የባሰ ነው።

በአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ «ቁልፌን ሰርዙልኝ» የሚለው ጥያቄ ሲበዛ፣ ሰርቨሮቹን በአንድ አድራሻ ያሰባሰበው አገልግሎት በ2021 ተዘጋ። ከዚያ በፊት በ2019 ኪይስ ዶት ኦፕንፒጂፒ ዶት ኦርግ (keys.openpgp.org) የሚባል አዲስ ቁልፍ ሰርቨር ሥራ ጀምሯል። ይኼኛው ወደ ኢሜይላችሁ ማረጋገጫ ሊንክ ይልካል። ሊንኩን ካልነካችሁ ቁልፋችሁ በአድራሻችሁ ሲፈለግ አይወጣም። የሌላ ሰው ፊርማ አያሳይም፤ አድራሻዬን አንሱልኝ ስትሉትም ያነሳል። እኔ የምጠቀመው እሱን ነው፤ ተጠቀሙበትም እላለሁ።

ግን ልብ በሉ። ሰርቨሩ ያረጋገጠው የኢሜይል ሳጥኑን የሚከፍት ሰው መኖሩን ብቻ ነው። የይለፍ ቃላችሁን የሰረቀ ሰውም ሊንኩን ይነካል። ስለዚህ ደውሉ። ድምፁን የምታውቁት ሰው የቁልፉን አሻራ ያንብብላችሁ። በተለመዱት ቁልፎች 40 ፊደልና ቁጥር ነው፣ አራት አራት እያለ ተከፋፍሎ ይታያል። ሁሉንም አመሳክሩ፤ ጫፍና ጫፉን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። አሻራውን ቁልፉ በመጣበት በዚያው ኢሜይል ከተቀበላችሁት ግን ምንም አላረጋገጣችሁም።

የእኔ አሻራ በወረቀት ታትሞ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ሰርቨሩ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት፤ የማይገጥም ካገኛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ንገሩኝ። አመሰግናለሁ።