ስታዲየሙ ሞልቷል፤ የሞላው ግን ማን ነው?

[ምስል፦ አንፊልድ ስታዲየም፣ የሰዓት ሰሌዳው 77ኛውን ደቂቃ ያሳያል]

ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2016። በነገራችን ላይ በዚህ ቪዲዮ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሊቨርፑል ሰንደርላንድን 2 ለ 0 እየመራ ነው። ፊርሚኖ አንድ፣ ላላና አንድ። ጨዋታው ያለቀለት ይመስላል። ሰዓቱ 77ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ደጋፊው ከወንበሩ መነሳት ጀመረ። ወደ መውጫው ሄደ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው፣ ቡድኑ እየመራ ጥሎ ወጣ!

ለምን በ77ኛው ደቂቃ? የክለቡ ባለቤቶች ለቀጣዩ የውድድር ዓመት 77 ፓውንድ የሚሸጥ ትኬት ስላወጡ ነው። ደጋፊው መልሱን በደቂቃ ቆጥሮ ሰጣቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይገርማል። አዳም ጆንሰን በ82ኛው፣ ጀርሜን ዴፎ በ89ኛው ደቂቃ አገቡ። 2 ለ 2። ባዶ ወንበር ጎል ያስቆጥራል እያልኩ አይደለም። ባለቤቶቹ ግን በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠየቁ፣ 77 ፓውንዱን ሰረዙ፣ ትልቁ ዋጋ 59 ፓውንድ ላይ ለሁለት ዓመት እንዲቆም ወሰኑ።

እና ጥያቄያችን ይሄ ነው። ስታዲየም ገብቶ ኳስ ማየት ለተራው ደጋፊ ከአቅም በላይ ሆኗል ወይ? መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ፦ አዎ፣ ሆኗል። ግን ክለቦቹ ገንዘቡን አጥተው አይደለም። እሱን ነው ማሳየት የምፈልገው።

[ምስል፦ የቆዩ የእንግሊዝ ስታዲየሞች፣ ደጋፊው ቆሞ ሲያይ]

ድሮ በእንግሊዝ ርካሹ ቦታ የቆመ ሰው ቦታ ነበር። ከጎሉ ጀርባ፣ ሲሚንቶ ደረጃ ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ። አዲስ አበባ ስታዲየም የገባ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ጥላ ፎቅ የሚቀመጥ አለ፣ ካታንጋና ሚስማር ተራ የሚገባ አለ። ሁሉም እንደ ኪሱ ነው፤ ጨዋታው ግን ያው አንድ ጨዋታ ነው።

ከዚያ የሂልስቦሮ ስታዲየም አደጋ መጣ። ኤፕሪል 15 ቀን 1989፣ ሼፊልድ ከተማ፣ ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት በኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ። ሰው ቆሞ በሚያይበት ክፍል በተፈጠረው መጨናነቅ 97 ሰዎች ሞቱ። የመጨረሻው በዚያ ቀን በደረሰበት ጉዳት ያረፈው በ2021 ነው። አደጋውን እንዲያጣሩ የተሾሙት ዳኛ ሎርድ ቴይለር በጃንዋሪ 1990 ባወጡት ሪፖርት ትልልቆቹ ስታዲየሞች በሙሉ ባለ ወንበር ይሁኑ አሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቴይለር ወንበር ሲገባ ዋጋው ይወደዳል የሚለውን ስጋት አውቀውታል። ስለዚህ ምሳሌ አመጡ። በግላስጎው፣ በሬንጀርስ ሜዳ አይብሮክስ፣ ያኔ ቆሞ ለማየት 4 ፓውንድ፣ ተቀምጦ ለማየት 6 ፓውንድ ነበር። ልዩነቱ 2 ፓውንድ ብቻ ነው። ቆሞ ሲያይ የነበረው ሰው መቀመጥ የሚችልበት ዋጋ ማውጣት ይቻላል ነው ያሉት።

ክለቦቹ ከምክሩ ግማሹን ሰሙ። ወንበሩን አስገቡ። ሌላውን ግማሽ አልሰማንም አሉ።

በ1992 ፕሪሚየር ሊጉ ተመሠረተ። የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ውል ለ5 ዓመት 304 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ከ2025 እስከ 2029 ያለው የአገር ውስጡ ውል ብቻ 6.7 ቢሊዮን ነው፤ እሱም ለ4 ዓመት። እኛ በየሰፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት የምንከፍላት ብር ሳትቆጠር ማለት ነው።

እንግዲህ በጤነኛ አእምሮ ስናስበው፣ በአንድ በር ይሄ ሁሉ ገንዘብ ሲገባ በሌላው በር የሚገባው ሰው ሊቀልለት ይገባ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው።

[ምስል፦ ኦልድ ትራፎርድ፣ የቁጥር ሰሌዳ]

ማንቼን፣ ማንችስተር ዩናይትድን እንውሰድ። በ2023/24 የውድድር ዓመት የክለቡ ጠቅላላ ገቢ 661.8 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። በጨዋታ ቀን ከስታዲየም የተገኘው 137.1 ሚሊዮን። ከአምስት ፓውንድ አንዷ ማለት ነው። እሷም ብትሆን የባለ ሀብቶቹን ክፍልና የምሳ ግብዣ ጨምራ ነው። ለደመወዝ ብቻ ያወጡት ደግሞ 364.7 ሚሊዮን። ይሄን ቀዳዳ ከተራው ደጋፊ ኪስ በተወሰደ ፍራንክ መድፈን አይቻልም። ሒሳቡ አይገጥምም።

ግን ሞከሩ። በኖቬምበር 2024፣ የውድድር ዓመቱ ተጋምሶ ሳያልቅ፣ ለአባላት የቀሩት ትኬቶች በሙሉ 66 ፓውንድ ሆኑ። ከዚያ በፊት ለአዋቂ ከ40፣ ለልጅ ከ25 ፓውንድ ጀምሮ ይገኝ ነበር። አዲሱ ዋጋ ላይ የልጅ ቅናሽ የለም። የጡረተኛም የለም። የ8 ዓመት ልጅም 66፣ አያቱም 66።

አንድ አባት ሁለት ልጆቹን ይዞ ይሂድ እንበል። ድሮ 40 ሲደመር 25 ሲደመር 25፣ 90 ፓውንድ። አሁን 198። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 11.44 ፓውንድ ነበር። ይሄ ሰው በዝቅተኛው ክፍያ የሚሠራ ከሆነ ከ17 ሰዓት በላይ መሥራት አለበት። ግብር ሳይቆረጥ፣ ትራንስፖርትና ምሳ ሳይቆጠር። ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን ለ90 ደቂቃ። ያውም በዚያ ዓመት የማንቼ ጨዋታ! ይቅርታ፣ የማንቼ ደጋፊዎች፣ ሳላስበው አመለጠኝ።

[ምስል፦ ኤምሬትስ ስታዲየም፣ የእንግዳ ደጋፊዎች ጥግ]

አርሴዎች ስቃችሁ ከጨረሳችሁ ወደ እናንተ ልምጣ።

ጃንዋሪ 13 ቀን 2013፣ አርሴናል ከማንችስተር ሲቲ። ለእንግዳው ደጋፊ የተቆረጠው ዋጋ 62 ፓውንድ። ሲቲ ከተሰጠው 3 ሺህ ትኬት 900 ገደማውን ሳይሸጥ መለሰ። የመጡት ደጋፊዎች «62 ፓውንድ! የት ላይ ነው የሚቆመው?» የሚል ባነር ይዘው ገቡ፤ አስተናጋጆቹ አስወረዱት። ሲቲ 2 ለ 0 አሸነፈ።

ጨዋታው አልቆ ተጫዋቾቹ ሲወጡ መስመር ዳኛው ጆን ብሩክስ የሲቲውን ተከላካይ ጆሊዮን ሌስኮትን ጠጋ አለው። እዚያ ያሉት 62 ፓውንድ ከፍለው ነው የገቡት፣ ሂዱና አግኟቸው አለው። የቴሌቪዥኑ ማይክሮፎን ቃል በቃል ቀዳው። ሰውየው ከሚቀጥለው የዳኝነት ምድቡ ተነሳ። ለእኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ለደጋፊው በግልጽ የተናገረ ባለሥልጣን ቢኖር ያ ባንዲራ ያዥ ነው።

ደጋፊዎቹም ዝም አላሉም። ለዓመታት ከተጯጯሁ በኋላ ከ2016/17 ጀምሮ በፕሪሚየር ሊጉ የእንግዳ ደጋፊ ትኬት ከ30 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተደረገ። አንድም ክለብ በዚህ ምክንያት አልከሰረም። ዋጋ ላይ ጣሪያ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። ለባለሜዳው ደጋፊ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም።

አሁን የክለቦቹን መከራከሪያ እንስማ። ስታዲየሙ ሞልቷል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሞልቷል። ዋጋውን ብናወርደው አየር በአየር ነጋዴ ገዝቶ ይቸበችበዋል ይላሉ። ይሄም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ በእንግሊዝ ያለ ፈቃድ የኳስ ትኬት መልሶ መሸጥ ከ1994 ጀምሮ በወንጀል የሚያስጠይቅ ሆኖም ገበያው አልጠፋም።

ግን ደጋፊ እንደ ሌላው ሸማች አይደለም። ኤምሬትስ ተወደደብኝ ብሎ ወደ ቶተንሃም የሚሻገር የአርሴ ደጋፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ረሃብ ይሻለዋል። ክለቦቹ ይሄን ያውቃሉ። ዋጋውንም የሚቆርጡት ይሄንን አውቀው ነው።

ሌላም የሚያውቁት ነገር አለ። የሳልፎርዱ፣ የኦልድ ትራፎርድ ጎረቤት የሆነው ሰውዬ በዓመት 19 ጊዜ ይመጣል። ቤቱ በልቶ ነው የሚመጣው። ስካርፉን ከአባቱ ወርሷል። ከሩቅ አገር ለአንድ ቀን የመጣ ሰው ግን ማሊያ ይገዛል፣ ሙዚየም ይጎበኛል፣ ለጥሩ ወንበር የተጠየቀውን ይከፍላል። ለሒሳብ ክፍሉ ሁለተኛው ሰው ይሻላል።

እና ያ ሁለተኛው ሰው ማን ነው? አንዳንዴ እኛ ነን። ከዱባይ፣ ከስቶክሆልም፣ ከዋሽንግተን ዓመት ሙሉ አጠራቅሞ የልጅነት ሕልሙን ሊያይ የሚሄድ ሐበሻ። አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን እሄዳለሁ። ዋጋውን የሚያወጣው እሱ አይደለም። ግን ያን ወንበር ማን ይቀመጥበት እንደነበር ማወቅ አይጎዳም።

[ምስል፦ የዶርትሙንድ ቢጫ ግድግዳ]

ሌላ መንገድ የለም ለሚል ሰው ጀርመን አለች። የዶርትሙንድ ደቡባዊ ትሪቡን ወደ 25 ሺህ ሰው ቆሞ የሚያይበት ነው። በጀርመን ሊግ ደንብ አብዛኛው የክለቡ የድምፅ ድርሻ በአባላት እጅ መቆየት አለበት፤ ጥቂት ክለቦች ብቻ ናቸው ከዚህ ውጪ የተፈቀደላቸው። ዋጋ ሲቆረጥ የሚከፍለው ሰው ድምፅ አለው ማለት ነው።

የባየርን ሙኒክ ፕሬዝዳንት የነበረው ኡሊ ሄነስ በአንድ ወቅት ነገሩን በሒሳብ አስረድቶ ነበር። ያኔ ርካሹ የባየርን የዓመት ትኬት 104 ፓውንድ ገደማ ነበር። 300 ማድረግ እንችላለን አለ። ተጨማሪው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ቢሆን ነው። ተጫዋች ስንገዛ ለዚህች ገንዘብ የምንከራከረው 5 ደቂቃ ነው። ለደጋፊው ግን በ104 እና በ300 መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ደጋፊ የሚታለብ ላም አይደለም ሲልም ጨመረ።

ጀርመን ገነት ናት እያልኩ አይደለም። ያው በፌብሩዋሪ 2016፣ አንፊልድ በተነሳ በሦስተኛው ቀን፣ የዶርትሙንድ ደጋፊዎች ሽቱትጋርት ላይ ዋጋ በዛብን ብለው ሜዳው ላይ የቴኒስ ኳስ አዝንበዋል። ልዩነቱ እዚያ የሚያስጮኸው ዋጋ እንግሊዝ ውስጥ እንደ ቅናሽ መታየቱ ነው።

[ምስል፦ የ2026 የዓለም ዋንጫ አርማ]

አሁን ወደ ትልቁ ጉድ። የ2026 የዓለም ዋንጫ።

አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ በ2018 ለፊፋ ባቀረቡት ሰነድ ርካሹ የምድብ ትኬት 21 ዶላር፣ ውዱ የፍጻሜ ትኬት 1,550 ዶላር ይሆናል ብለው ነበር። ሽያጩ ሲመጣ ፊፋ ዋጋውን እንደ ፈላጊው ብዛት ከፍ ዝቅ የሚል አደረገው። ዝናብ ሲዘንብ ራይድ እንደሚወደደው። በዲሴምበር 2025 በየፌዴሬሽኑ ለደጋፊዎች የተመደበው ትኬት ዋጋ ሲገለጥ የፍጻሜው ርካሹ 4,185 ዶላር ሆኖ ተገኘ። ርካሹ ነው ያልኩት። በ1994 እዚያው አሜሪካ በተደረገው ውድድር ውዱ ትኬት 475 ዶላር ነበር።

ጩኸቱ ሲበረታ ፊፋ ለእያንዳንዱ ጨዋታ፣ ፍጻሜውን ጨምሮ፣ የ60 ዶላር ትኬት አወጣሁ አለ። ደስ ይላል። ግን ስንት ነው? ለአንድ አገር ደጋፊ ከስታዲየሙ 8 በመቶ ይደርሰዋል። የ60 ዶላሩ ከዚያ ውስጥ 10 በመቶ። 70 ሺህ ሰው በሚይዝ ስታዲየም ውስጥ ለአንድ አገር 560 ወንበር ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

በዚያ ላይ ፊፋ መልሶ መሸጫ ገበያም ከፍቷል። ከሻጩ 15 በመቶ፣ ከገዢው 15 በመቶ ይወስዳል። እንግዲህ አየር በአየሩን ማን ይከልክል?

ከአስተናጋጆቹ ከተሞች አትላንታ፣ ዳላስ፣ ሲያትልና ሎስ አንጀለስ ይገኙበታል። ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸው ናቸው። ስታዲየሙ በመኪና ቅርብ ነው፤ ዋጋው ነው የራቀው።

[ምስል፦ ባዶ ስታዲየም፣ 2020]

«እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በቲቪ ነው የማየው፣ ምን አገባኝ?» የሚል ይኖራል። 2020ን አስታውሱ። በኮሮና ምክንያት ፕሪሚየር ሊጉ ቆሞ በጁን 17 ያለ ተመልካች ሲመለስ፣ ቴሌቪዥኖቹ ከቪዲዮ ጌም የተወሰደ የደጋፊ ድምፅ ይለቁልን ነበር። ለምን? ያለሱ የሚታይ ስላልሆነ። የተጫዋቹ ጩኸት፣ የኳሷ ጠብ ጠብ፣ የልምምድ ጨዋታ ይመስል ነበር። ያ ስድስት ቢሊዮን የሚያወጣው ምስል ውስጥ ዘፋኙ ደጋፊ አለበት። ሲዘፍን አይከፈለውም። እንደውም ለመዝፈን ይከፍላል።

እንግሊዝ ያላችሁ ወይም የምትሄዱ፣ ካወቅኩት አንድ ሁለት ነገር ልበል። ትኬት በክለቡ አባልነት በኩል እንጂ ከማታውቁት ሰው በቴሌግራም እንዳትገዙ፤ በር ላይ የሚመለሰው ብዙ ነው። የሊግ ካፕ የመጀመሪያ ዙሮች ብዙውን ጊዜ ዋጋቸው ይቀንሳል። የሴቶች ቡድን ጨዋታዎች ደግሞ ያንኑ ትልቅ ስታዲየም በጣም በቀነሰ ዋጋ ያስገባሉ፤ ልጅ ላላችሁ ከዚህ የተሻለ የለም።

ኳስ ለማየት ከኪሳችሁ የወጣው ትልቁ ገንዘብ ስንት ነው? አዲስ አበባ ስታዲየምም ይቆጠራል። ከታች ጻፉልን።