ልጆቹ ምሳ መብላት አቆሙ ወይ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ዛሬ ባለፈው የጀመርነውን ልቀጥል ነበር፣ ግን አልሆነልኝም። ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ ነገር አለ።

የሽንኩርት እማማን መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ያሉትን ገበሬ፣ የሞንግ እናት (ሞንግ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ ሕዝብ ነው)። ማርች 2025 ነው፤ ውጭው በረዶ፣ ግሪንሃውሱ ውስጥ ግን ጃኬት ያስወልቃል። እማማ የሽንኩርት ችግኙን ጫፍ ጫፉን በመቀስ ይከረክማሉ፣ ልጃቸው ታስተረጉምልናለች። ትምህርት ቤቶች ከአካባቢ ገበሬ እንዲገዙ የተመደበውን ገንዘብ ፌዴራል መንግሥቱ ሰርዞታል አልኳቸው። በመላው አገር 660 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ቁጥሩን አልነገርኳቸውም፣ ምን ያደርግላቸዋል?

መቀሱን አላስቀመጡም። አንዱን ትሪ ጨረሱ፣ ሌላውን ሳቡ፣ ከዚያ የሆነ ነገር ተናገሩ። ልጅቷ ዝም አለች። ምን አሉ? ስላት፣ «ልጆቹ ምሳ መብላት አቆሙ ወይ? ነው የሚሉት» አለችኝ።

አላቆሙም እኮ! ካፍቴሪያው ሽንኩርት ይገዛል። የሚገዛው ግን ከትልቁ አከፋፋይ ነው፤ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በከረጢት የሚመጣውን። ወጥ ቤት ኃላፊዋ ላይም አልፈርድም፤ በጀቷ ጠባብ ነው፣ ሽንኩርት የሚልጥላት ሰውም የላትም።

እማማ ደግሞ ለትምህርት ቤት ለመሸጥ የተጠየቁትን ሁሉ አሟልተው ነበር። እስከ ሚሊዮን ዶላር የሚሸፍነውን ኢንሹራንስ፣ የውሃ ምርመራውን፣ በየቀኑ የሚሞላውን መዝገብ። መዝገቡን ከሥራ መልስ በእንግሊዝኛ የምትሞላው ልጃቸው ናት። እሁድ ገበያ ላይ እኮ ጎመን አስረው ይሰጡሃል፣ ብራቸውን ይቀበላሉ፣ አለቀ። ለትምህርት ቤት ሲሆን ካርቶኑ እኩል፣ እስሩ እኩል፣ ክፍያው ከወር በኋላ። በነገራችን ላይ ያን ጎመን ለፍልሰታ የሐበሻ ሱቆች ይሻሙበታል... እሱን ሌላ ቀን።

የሞንግ ገበሬዎች ማኅበር ከ2011 ጀምሮ አለ፤ ምርት ሰብስቦ በጋራ ይሸጣል። ብቻህን የማትገባበትን በር አብረህ ትገባለህ፣ በዚህ አምናለሁ። ከጁላይ 2024 ወዲህም ትምህርት ቤቶች ጨረታ ሲያወጡ «የአካባቢ ምርት ይሁን» ማለት ተፈቅዶላቸዋል። ጥሩ! ግን ከትልቁ አከፋፋይ ጋር ያለውን የዋጋ ልዩነት ማን ይሙላ?

አሁን አንድ ሆስፒታል ናሙና ላኩ ብሎናል፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የሚፈልጉት ግን ካሮት ነው። እማማ ስንት መደብ ልዝራ? እያሉኝ ነው። ሆስፒታሉ ደግሞ ናሙናውን እንይ እንጂ እንገዛለን አላለም፤ ዘሩ አሁን ካልገባ ደግሞ... እኔ እንጃ። ምናልባት ግማሹን...