የሰፈራችን ትምህርት ቤትና በሳምንት አንድ ሰዓት

አቅራቢ 1፦ ጤና ይስጥልን። ጋሼ፣ የዛሬው ጥያቄያችን አንድ የሰፈር ነዋሪ፣ ልጁ እዚያ ቢማርም ባይማርም፣ በአካባቢው የመንግሥት ትምህርት ቤት በበጎ ፈቃድ ሊያገለግል ይገባል ወይ የሚል ነው። እርስዎ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በየሳምንቱ ስለሚሄዱ ቢጀምሩልን።

አቅራቢ 2፦ ይገባል እላለሁ። ነገር ግን በጎ ፈቃድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የክረምቱን ሥራ ነው፤ አጥር ይታደሳል፣ ግድግዳ ቀለም ይቀባል፣ ደብተር ይሰበሰባል። መልካም ነው፤ ሆኖም መስከረም ጠብቶ ልጆቹ ሲመለሱ እኛ የለንም። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስንሰማ ሁላችንም ደነገጥን። እኔ ግን ችግሩ ከታች፣ ከሁለተኛና ከሦስተኛ ክፍል እንደሚጀምር የተረዳሁት ከልጆች ጋር ስቀመጥ ነው።

አቅራቢ 1፦ ምን አዩ?

አቅራቢ 2፦ አንድ ልጅ የመጽሐፉን ገጽ ሳይደናቀፍ ያነብልኝ ነበር። ከመሐል አንዱን ቃል በጣቴ ነጥዬ ሳሳየው ግን ዝም አለ፤ ለካ ገጹን በሙሉ በቃሉ ይዞት ኖሯል። መምህሯን ልወቅሳት አልችልም፤ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው የምታዳምጥበት ጊዜ ከየት ይመጣል? እኔ የማደርገው እርሷ የመረጠቻቸውን አራት ልጆች በቤተ መጻሕፍቱ ጥግ፣ በር ክፍት ሆኖ፣ በየተራ ሲያነቡ ማዳመጥ ነው። ካዕቡን ከሣልሱ ሲያምታቱ አስቆማቸዋለሁ፤ ፊደሉን ለይተው ሲያነቡት እንቀጥላለን።

አቅራቢ 1፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው። በጎ ፈቃድ እየተባለ ወላጆች በግድ መዋጮ ሲጠየቁ አይቻለሁ። መምህር መቅጠርና መጽሐፍ ማቅረብም የመንግሥት ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ የነዋሪው እርዳታ ክፍተቱን እንዳይሸፍንለት እሰጋለሁ።

አቅራቢ 2፦ ስጋትሽ ትክክል ነው፣ እኅቴ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማታ ማታ በቀበሌ አስተምሬያለሁ፤ ብዙ ሰው ፊደል ቆጠረ፣ ነገር ግን አልመጣም ማለት አይቻልም ነበር። ዛሬ የምለው ፈቃዱ የእውነት ፈቃድ ይሁን ነው፤ ገንዘብም አይግባበት። የመምህሩንም ቦታ መውሰድ አይገባም። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ሳልጠየቅ መቀነስን በድሮው ዘዴ አስተምሬ ልጆቹን ግራ አጋባኋቸው፤ መምህሯም በትክክል ተቆጣችኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ እርሷ ፈቃድ አንድም ነገር አልጀምርም።

አቅራቢ 1፦ እንደ እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ የሚውል ሰውስ?

አቅራቢ 2፦ ቅዳሜ ጠዋት የማጠናከሪያ ትምህርት ካላቸው ርእሰ መምህሩን ወይም የወላጅና መምህር ኅብረቱን አነጋግሪ። ግን በወር አንድ ቀን ብቻ የምትችዪ ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ልጆቹ የሚጠብቁት ሰው ሲቀር በጣም ያዝናሉ።

አቅራቢ 1፦ በወር ሁለት ቅዳሜ እችላለሁ፤ ሰኞ ደውዬ እጠይቃለሁ።