ስልካችሁን በር ላይ ተዉት

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የተጠራሁት የመጠለያ አገልግሎታችንን ዓመታዊ ሪፖርት እንዳቀርብና አዳዲስ በጎ ፈቃደኞችን እንድቀበል ነው። አዲሶቹ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ አለ፤ ቤታችሁ ገብታችሁ አንብቡት። እኔ ግን ሆዴን ሲበላው የከረመ አንድ ነገር አለ። እሱን ሳልናገር ከዚህ አልወርድም።

ባለፈው የበዓል ሰሞን መጠለያው ጢም ብሎ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከእንግዶቹ አገልጋዩ ይበዛ ነበር። ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው አንድ አባት አሉ፤ ሁልጊዜ ጥግ ይዘው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው የሚቀመጡት። የዚያን ምሽት ሳህናቸውን ተቀብለው ገና መብላት ሲጀምሩ ከእኛው ወገን አንዱ ስልኩን አወጣ። «አባባ፣ እስቲ ቀና ይበሉ» አላቸው። የኮታቸውን ኮሌታ ወደ ላይ ሳቡ። ልጁ ዞሮ በሌላ በኩል መጣ። ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ፍላሹ ብልጭ አለ። ሳህኑን ቀስ አድርገው አስቀመጡና ወጡ። ምግቡ ሳይነካ ቀረ ማለት ይቻላል።

ተከትያቸው ወጣሁ። በረንዳው ላይ ቆመዋል። ልጅ አለቻቸው፤ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ አባቷ ሥራ ላይ ያሉ ነው የሚመስላት። «ይሄን ፎቶ ብታየውስ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? ተመልሰው እንዲገቡ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። ያን ሌሊት ውጭ አደሩ። በበዓል! ያውም በእኛ ምክንያት!

ነገሩ በሐፍረት ብቻ አያበቃም። ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ የመጣች ሴትም እኛ ዘንድ ታድራለች። ከጀርባዋ አንድ የግድግዳ ጽሑፍ ከታየ ያለችበት ታወቀ ማለት ነው። «ፈቃድ ጠይቀን እኮ ነው» የምትሉ አላችሁ። ጭልፋው በእናንተ እጅ ነው። የራበው ሰው ባዶ ሳህን ይዞ ፊታችሁ ቆሞ በምን አቅሙ እምቢ ይበላችሁ?

ጌታ ምጽዋት ስትሰጥ በፊትህ መለከት አታስነፋ ብሏል። የኛ ዘመን መለከት ስልክ ነው። «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና» ያለውንም ሁላችን በቃላችን እናውቀዋለን። እናንተ ቤታችሁ የመጣ እንግዳ ሲበላ ካሜራ ትደግኑበታላችሁ?

ፎቶ ከሌለ እርዳታ አይመጣም ይባላል። ያለ ፎቶም ግን ተችሏል። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን በዛሬዋ ቱርክ ከምትገኘው ከቂሳርያ ከተማ ወጣ ብሎ ለድሆች፣ ለበሽተኞችና ለመንገደኞች መጠጊያ አሠርቷል። ወዳጁ ጎርጎርዮስ «አዲስ ከተማ» ብሎ እስኪጠራው ድረስ ሰፊ ነበር። ባስልዮስ በዘመኑ ረሃብ በገባ ጊዜ ጎተራቸውን የቆለፉትን ባለጠጎች ፊት ለፊት ገሠጸ። አደባባይ ያወጣው የሀብታሙን ስስት ነው እንጂ የድሃውን ፊት አይደለም!

እርዳታ ለመጠየቅ የሚያስፈልገንን እንናገር። ለምሳሌ ካልሲ። ልብስ ስንሰበስብ ኮት ይመጣል፣ ካልሲ ግን የለም። ውጭ የሚያድር ሰው ጫማው እንዳይሰረቅ ሳያወልቅ ይተኛል። እግር እርጥብ ካልሲ ውስጥ ሲቆይ ቆዳው ይነጣል፣ ይሸበሸባል፣ ከዚያ ይላጣል። ስኳር ላለበት ሰው ያ ቁስል እግር እስከማስቆረጥ ይደርሳል። አዲስ ካልሲ አምጡልን።

ደግሞ ከበዓል በኋላ አትጥፉ። በሐዋርያት ሥራ 6 ላይ እስጢፋኖስና ስድስቱ ጓደኞቹ የተመረጡት ለዕለት ዕለት አገልግሎት ነው፤ መበለቶቹ ችላ የተባሉት በየቀኑ ምግብ ላይ ነበርና።

የመጪው ወር የተራ መመዝገቢያ መውጫው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የበዓሉ ቀን ሞልቷል፤ እዚያ ላይ አትጻፉ። የሌሊቱ ተራ ግን ባዶ ነው። ተረኛ ሆኖ የሚመጣ ሁሉ ስልኩን በር ላይ ለአስተባባሪው ያስረክባል። ከዛሬ ጀምሮ ደንቡ ይሄ ነው። ያልተስማማ ካለ አሁኑኑ፣ እዚሁ ይጠይቀኝ።